ብቸኝነት ባለቤት የሆነበት ጎጆ

ጃፓኖች ለልብ ስሜት ካበጇቸው ቅጽሎች መካከል ሞኖሳቢሺ የሚባለውን ለመረዳት የሚሻ አንባቢ፣ ፍቺውን ከመዝገበ ቃላት ከመፈለጉ አስቀድሞ ቃሉ የሚነገርበትን ጊዜና ቦታ ቢያስተውል ይበጀዋል። የሙቀቱ ወራት አልፎ የዋናተኛው ሁካታ ሲያበቃ፣ በባሕር ዳር ተሠርተው የነበሩት የምግብና የመጠጥ ዳሶች ፈርሰው አሸዋው ለነፋስና ለማዕበል ብቻ ሲቀር፣ በዚያ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ቆም ብሎ ሞኖሳቢሺ ይላል። የመንደሩ ጠባቂ አምላክ በዓል ተከብሮ ከበሮው ዝም ካለ በኋላ፣ የወረቀቱ ፋኖሶች ከገመዳቸው አንድ በአንድ ሲወርዱ የሚመለከት ነጋዴም ይህንኑ ቃል ይናገራል። ልጃቸውን ድረው የሸኙ ባልና ሚስትም በማግሥቱ ምሽት ሁለት ሰሐን ብቻ በቀረበበት ገበታ ሲቀመጡ፣ ከሁለቱ አንዱ አፉን ቢከፍት የሚወጣው ቃል ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በነዚህ ሁሉ ዘንድ የሞተ የለም፣ የከዳ የለም፣ የተራበም የለም፤ የሆነው ሁሉ እንደ ሥርዓቱ የሆነ፣ መሆንም የነበረበት ነው፤ ነገር ግን ሞልቶ የነበረው ስፍራ ጐድሎ ሲታይ በልብ ላይ የምታልፍ ቀጭን ጥላ አለችና፣ ስሟ ይህ ነው።

ቃሉ ከሁለት የተጋጠመ ነው። ሳቢሺ ማለት ብቸኛ፣ ጭር ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ማለት ሲሆን፣ በፊቱ የሚቀጠለው ሞኖ የሚለው ባዕድ መነሻ በተለምዶ «ነገር» የሚል ትርጓሜ አለው፤ በስሜት ቅጽል ፊት በቆመ ጊዜ ግን ምክንያቱን ለይቶ ይህ ነው ለማለት አለመቻልን ያሳያል። አንድ ሰው ሳቢሺ ብቻ ቢል፣ አድማጩ «ማን ተለይቶህ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ያስኬደዋል፤ ሞኖሳቢሺ ያለውን ሰው ግን እንዲህ ብሎ መጠየቅ አይገባም፤ ጉድለቱ በአንድ ሰው ስም የሚጠራ አይደለምና፣ በአየሩና በብርሃኑ፣ በቤቱ ማዕዘንና በሰዓቱ ላይ የተበተነ ነውና። ከዚህም የተነሣ ቃሉ ለሰውም ለስፍራም በእኩል ይነገራል። ጎዳናው ሞኖሳቢሺ ነው፤ በጎዳናው የሚሄደውም ሰው ሞኖሳቢሺ ነው፤ ስሜቱ ከሰውየው ወጥቶ በጎዳናው ላይ ይፍሰስ፣ ወይም ከጎዳናው ተነሥቶ ወደ ሰውየው ልብ ይግባ፣ ቋንቋው አይለይም። እኔም ይህን አለመለየት ከማስተዋል የመጣ ነው እላለሁ፤ ማንም ሰው ጭር ባለ ስፍራ ቆሞ ጭርታው ከየት እንደ ጀመረ ለመናገር አይችልምና።

የሰዋስዋቸው ሥርዓት ደግሞ በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨምራል። ጃፓናዊ ስለ ራሱ ሲናገር ሳቢሺ ብሎ ይጨርሳል፤ ስለ ሌላ ሰው ግን በዚሁ ቅርጽ በቀጥታ መናገር ወግ አይደለም፤ የሰው ልብ ለሌላው የተሰወረ ነውና፣ ጋሩ የሚል ባዕድ መድረሻ ጨምሮ «የብቸኝነት ምልክት ይታይበታል» በሚል አገባብ ያቀርበዋል። ይህች ጋሩ የምትባል ትንሽ መድረሻ ወደ ኋላ ባሾ በተባለው ባለ ቅኔ ግጥም ውስጥ ትልቅ ሥራ ስለምትሠራ አንባቢ በልቡናው ያኑራት። ቃሉ ከባለ ቅኔዎች ጉባኤ ተነሥቶ እስከ ማእድ ቤት የወረደ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም፤ ሳይርበው አንዳች የሚያላምጠው ነገር የሚሻ ሰው፣ በተለይም ትምባሆ ማጨስ በቅርቡ የተወ ሰው፣ ኩቺሳቢሺ ይላል፤ ይኸውም አፌ ብቸኛ ሆነ እንደ ማለት ነው።

በ8ኛው ምእት ዓመት የተሰበሰበው፣ ከ4,500 የሚበልጡ ግጥሞችን የያዘው ማንዮሹ የተባለው ጥንታዊ መድበል ይህን ቃል ሳቡሺ በሚል ቅርጽ ያውቀዋል (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን ግን የቃሉ ጠባይ ከዛሬው ይለይ ነበር፤ ከሞላ ጐደል የሚያመለክተው የተወደደ ሰው ባለመኖሩ የልብን አለመሙላት ነውና፣ ባል ለሚስቱ፣ ወዳጅ ለወዳጁ የሚናገረው የናፍቆት ቃል ነበር። ከዚያ ወዲያ በተከተሉት አራት መቶ ዓመታት ውስጥ ቃሉ ቀስ በቀስ ከሰው ወደ ምድረ ገጽ ተሻገረ፤ የሚናፈቀው ሰው ከግጥሙ ወጥቶ ሄደ፣ ናፍቆቱ ግን በተራራው፣ በረግረጉና በባሕሩ ዳር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሲጽፉትም የሚመርጡት ከቻይና የተዋሱት ፊደል ጃኩ ተብሎ የሚነበብ ሲሆን፣ በቡድሃ ሃይማኖት መጻሕፍት ይኸው ፊደል የፍትወትና የምኞት እሳት ጠፍቶ የሚገኘውን ፍጹም ዕረፍት ያመለክታል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብቸኛ ነኝ ብሎ በጻፈ ቍጥር፣ ቢያስብበትም ባያስብበትም፣ ኀዘንና ዕረፍት በአንድ ምልክት ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከዚሁ ሥር የወጣው ሳቢ የሚለው ስም የብረት ዝገት ከሚባለው ቃል ጋር አንድ ድምፅ ስላለውም፣ ብዙዎች ሁለቱን ሲያዛምዷቸውና በሳቢ ውስጥ ዘመን ያለፈበትን ነገር ቀለም ሲያዩ ኖረዋል።

የዚህ ስሜት ወራት መጸው ነው፤ ሰዓቱም ምሽት። በእኛ ባሕረ ሐሳብ መጸው ዘመነ ጽጌን የያዘ፣ ምድር በአበባ የምትሸለምበት፣ ከክረምት ጭቃና ጉም በኋላ ሰማዩ የሚጠራበት ወራት ስለሆነ፣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ስሙን ሲሰማ ደስታን ቢያስብ አይፈረድበትም፤ በጃፓን ግን በዚሁ ወራት ቅጠሉ ቀልቶ ይረግፋል፣ ሣሩ ይጠወልጋል፣ ዋዛ የሚመስሉት የነፍሳት ድምፆችም ከሌሊት ወደ ሌሊት እየሳሱ ይሄዳሉ። በ1000 ዓ.ም. አካባቢ የጻፈችው የእቴጌዪቱ ደንገጡር ሴይ ሾናጎን፣ ለእያንዳንዱ ወቅት ከሁሉ የሚያምርበትን ሰዓት ስትመድብ፣ ለመጸው ምሽትን ሰጥታ፣ ወደ ጎጇቸው የሚበሩትን ቍራዎች ሳይቀር ልብ የሚነኩ ናቸው ብላ አመልክታለች። እርሷ በደስታ የጀመረችውን ነገር ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጡት ባለ ቅኔዎች ወደ ጥልቁ ወሰዱት።

ዙፋናቸውን የለቀቁት ንጉሠ ነገሥት ጎ-ቶባ በ1201 ባዘዙት መሠረት ተሰብስቦ በ1205 የቀረበው ሺን ኮኪንሹ የተባለው መድበል ሁለት ሺህ የሚጠጉ ግጥሞች ሲኖሩት፣ ከእነርሱ መካከል በተከታታይ የተቀመጡ ሦስት ግጥሞች «ሦስቱ የምሽት ግጥሞች» ተብለው እስከ ዛሬ ይታወቃሉ። እያንዳንዳቸው 31 ቀለም አላቸው፤ ሦስቱም የሚፈጸሙት የመጸውን ምሽት በሚጠራ አንድ ዐይነት ሐረግ ነው። በዚህ ላይ ጥቂት መዘግየት ይገባል፤ የዚህ ስሜት ትምህርት ሁሉ በነዚህ ዘጠና ሦስት ቀለማት ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛልና።

የመጀመሪያው የመነኩሴው የጃኩሬን ነው፤ የምንኵስና ስሙም የሚጀምረው በዚያው ጃኩ በተባለው ፊደል ነው። እርሱ የሚያየው ቅጠላቸው ከቶ የማይቀላና የማይረግፍ፣ ዓመት ከዓመት አረንጓዴ ሆነው የሚኖሩ ዛፎች የቆሙበትን ተራራ ነው። ብቸኝነቱ በየትኛውም ቀለም ውስጥ አይደለም ይላል ትርጓሜው፤ መጸው ሌላውን ተራራ በቀይና በወርቅ ቀለም ሲለውጠው ይህን ተራራ አልነካውም፣ ስለዚህ ተመልካቹ ልቡ ስለ ምን እንደ ተነካ ቢጠየቅ በጣቱ የሚጠቁመው አንድም ለውጥ የለውም። ከላይ ስለ ሞኖ የተናገርነው ሁሉ፣ ይኸውም ምክንያቱ እንዳይያዝ ሆኖ የተበተነ ብቸኝነት፣ በዚህ ግጥም ሥጋ ለብሶ ይታያል።

ሁለተኛው የሳይግዮ ነው። ሳይግዮ መነኩሴ ስለሆነ ከስሜት የተለየ፣ ልቡን ለዓለም የዘጋ ሰው መሆን ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ከረግረግ ላይ አንዲት ረጅም መንቁር ያላት ወፍ ብድግ ብላ ስትበር፣ ልብ የለኝም የሚል ሰው እንኳ የሚነካ ሆኖ ያገኘዋል። ሦስተኛው የፉጂዋራ ኖ ቴይካ ነው፤ እኔም ከሦስቱ ይህን አስበልጣለሁ፤ ጥበቡ እጅግ የረቀቀ ነውና። ቴይካ በባሕር ዳር የቆመች አንዲት የሣር ጎጆ ብቻ ሊያሳየን ፈልጎ፣ አስቀድሞ አበባና የቀላ ቅጠል የሌሉ መሆናቸውን ይናገራል። የሌለውን ነገር ስም በጠራ ጊዜ ግን አንባቢው በኅሊናው አበባውንና ቅጠሉን ያያል፤ ካየም በኋላ ይነጠቃል፤ የቀረችውም ጎጆ የተነጠቀውን ውበት ሁሉ ተሸክማ ትቆማለች። በኋላ ዘመን የሻይ ሥርዓት መምህራን ይህን ግጥም እንደ መሪ ሲጠቅሱት መኖራቸው ስለዚህ ነው፤ የእነርሱ ነገር ግን ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ በዚህ አናስገባውም።

ወደ ሳይግዮ እንመለስ፤ ብቸኝነትን በአፉ ብቻ ሳይሆን በእግሩ የመረመረ እርሱ ነውና። በ1118 ከወታደር ቤተ ሰብ ተወልዶ፣ የቀድሞው ንጉሠ ነገሥት ቶባ ዘበኛ ሆኖ ካገለገለ በኋላ፣ በ1140 ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለ መሣሪያውን አስቀምጦ መነነ። ለምን እንደ መነነ ብዙ ተረት ተነግሮበታል፤ እርሱ ግን ምክንያቱን በግልጥ ሳይናገር፣ በዮሺኖ የአበባ ተራሮች፣ በኮያ ገዳም፣ በኋላም በኢሴ እየተመላለሰ ኖሮ በ1190 አረፈ። በሺን ኮኪንሹ ውስጥ ከማንም ባለ ቅኔ ይበልጥ ግጥም የገባለት እርሱ ሲሆን ቍጥራቸውም 94 ነው። ከግጥሞቹ አንዱ፣ የሚጐበኘው ሰው ይመጣል የሚለው ተስፋ ከነአካቴው በተቈረጠበት የተራራ መንደር ስለ መኖር የሚናገር ሲሆን፣ ሐሳቡ አንባቢን የሚያስደነግጥ ነው፤ ብቸኝነቱ ባይኖር ኖሮ በዚያ ስፍራ መኖር መራራ በሆነ ነበር ይላልና። ተራ ሰው የብቸኝነት መኖር ቦታውን መራራ ያደርገዋል ብሎ ያስባል፤ ሳይግዮ ግን ነገሩን ገልብጦ፣ መራራው ሌላ ነገር መሆኑን፣ ብቸኝነትም ለዚያ ምሬት መድኃኒት መሆኑን ያስረዳል። የዚህ ምዕራፍ ዋና ነገር በእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ምሬትና ብቸኝነት በሰፊው ሕዝብ አነጋገር እንደ አንድ ቢቈጠሩም፣ በጃፓን ባለ ቅኔዎች ትምህርት ሁለት የሚፃረሩ ነገሮች ናቸው። ምሬት ሰውን በራሱ ውስጥ ይቈልፈዋል፤ ሞኖሳቢሺ የሚባለው ረቂቅ ብቸኝነት ግን ዐይኑን ወደ ውጭ ይከፍትለታል፣ ወፊቱንና ጎጆዋን፣ የማይቀላውንም ተራራ ያሳየዋል።

ይህ ስሜት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚፈርስ ደግሞ በ14ኛው ምእት ዓመት የኖረው መነኩሴ ዮሺዳ ኬንኮ ጽሬዙሬጉሳ በተባለው መጽሐፉ የሚያሳይ አንድ አጭር ታሪክ ትቶልናል። በዐሥረኛው ወር በኩሩሱኖ በኩል ወደ አንድ የተራራ መንደር ሲሄድ፣ የድንጋይ ሽበት በለበሰ ጠባብ መንገድ መጨረሻ የአንድ ባሕታዊ ጎጆ አገኘ። በወደቁ ቅጠሎች ከተሸፈነው የቀርከሃ አሸንዳ ከሚንጠባጠበው ውኃ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም፤ ለቡድሃ መሥዋዕት በሚቀርብበት መደርደሪያ ላይ የተበታተኑ የአበባና የቀላ ቅጠል ዘለላዎች ስለነበሩ ግን ሰው የሚኖርበት መሆኑ ይታወቅ ነበር። ኬንኮም ሰው እንዲህም መኖር ይችላል ብሎ በአንክሮ እየተመለከተ ሳለ፣ በግቢው ማዶ ቅርንጫፉ በፍሬ የጐበጠ ትልቅ የመንደሪን ዛፍ፣ በዙሪያውም ጠንካራ አጥር ታጥሮበት አየ። ወዲያው ተመስጦው ፈረሰ፤ ምነው ይህ ዛፍ ባልነበረ ኖሮ ብሎም ጻፈ። አጥሩ ወንጀል አይደለም፤ ፍሬውን ከሌባ መጠበቅም የባለቤት መብት ነው፤ ነገር ግን ያ አጥር የጎጆው ጌታ የሚፈራው ነገር እንዳለው ይመሰክራል፣ የሚፈራ ሰውም ገና የያዘውን የጨበጠ ነው። ረቂቁ ብቸኝነት በተጨበጠ እጅ ውስጥ አያድርም።

ማትሱኦ ባሾ በ1644 በኢጋ አገር ተወልዶ በ1694 በኦሳካ ያረፈ፣ 17 ቀለም ያላትን አጭር ግጥም ወደ ከፍተኛ ማዕርግ ያደረሰ ሊቅ ነው። በ1680 በዛሬዋ ቶኪዮ፣ በዚያን ጊዜዋ ኤዶ፣ መካከል የነበረውን የተሳካ የመምህርነት ኑሮ ትቶ ከሱሚዳ ወንዝ ማዶ ወደ ፉካጋዋ ተሻገረ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ደቀ መዝሙር እንደ ኮባ ቅጠለ ሰፊ የሆነ፣ ፍሬው የማይበላ የሙዝ ተክል አምጥቶ በደጁ ተከለለት፤ ቅጠሉን ነፋስ የሚሸነታትረው ይህ ተክል በቋንቋቸው ባሾ ስለሚባል፣ ጎጆው በስሙ ተጠራ፣ ጌታውም በጎጆው ስም ተጠራ። ሳይግዮ ባረፈ በአምስት መቶኛው ዓመት፣ በ1689፣ ወደ ሰሜኑ አገር ባደረገው ረጅም የእግር ጉዞ መጨረሻ አካባቢ፣ በጽሩጋ ወሽመጥ ኢሮ ወደምትባል የባሕር ዳርቻ በጀልባ ሄዶ ትንንሽ ቀይ ዛጎሎችን ለቀመ። በዚያም የነበሩት ጥቂት የዓሣ አጥማጆች ጎጆዎችና አንድ ያረጀ ቤተ መቅደስ ብቻ ነበሩ። እዚያ ተቀምጦ ሻይና የሞቀ ሳኬ ሲጠጣ ምሽቱ ወረደ፤ ባሾም የዚህ ስፍራ ብቸኝነት የሱማን ይበልጣል ብሎ ግጥም ጻፈ። ሱማ ማለት የጌንጂ ታሪክ የተባለው ጥንታዊ ልብ ወለድ ጀግና ተሰድዶ የኖረባት፣ እስከ ባሾ ዘመን ከስድስት መቶ ዓመት በላይ በጃፓን ሥነ ጽሑፍ የብቸኝነት ርእሰ ከተማ ሆና የተቈጠረች የባሕር ዳርቻ ናት። ሁለት ወደቦች በሀብት ወይም በመርከብ ብዛት ቢወዳደሩ ማንም አይደነቅም፤ ሁለት ዳርቻዎችን በብቸኝነት አወዳድሮ ለአንዲቱ አክሊል ማቀዳጀት ግን ይህን ስሜት እንደ ሀብት ለሚቈጥር ሕዝብ ብቻ የሚቻል ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1691፣ በኪዮቶ ምዕራብ በሳጋ፣ የደቀ መዝሙሩ የኪዮራይ በሆነች ጎጆ ሁለት ሳምንት ያህል ተቀምጦ ማስታወሻ ጻፈ። በአንድ ዝናባም ቀን ማንም ሳይመጣ ስለ ዋለ፣ ኀዘን የደረሰበት ሰው ኀዘንን ባለቤቱ እንደሚያደርግ፣ ጠጪም ደስታን ባለቤቱ እንደሚያደርግ ካሰላሰለ በኋላ፣ ከላይ የጠቀስነውን የሳይግዮን ግጥም አንሥቶ፣ ያ መነኩሴ ብቸኝነትን ባለቤት ያደረገ ሰው ነበር ብሎ ፈታው። የቤቱ ጌታ ብቸኝነት ነው ማለቱ ነው፤ ሰውየው በጎጆዋ ውስጥ እንግዳ ነው፣ እንግዳም በባለቤቱ ሥርዓት ያድራል። በዚሁ ማስታወሻ ውስጥ ካንኮዶሪ የምትባለውን፣ በዱር ብቻዋን የምትጮኸውን ወፍ እየጠራ፣ ምሬት የያዘውን እርሱን ብቸኛ ታደርገው ዘንድ የሚለምን ግጥም ይገኛል። አንባቢ በልቡናው ያኖራት ጋሩ እዚህ ላይ ታስፈልገናለች። ባሾ ግሡን በማድረጊያ ቅርጽ ስላቀረበው፣ ልመናው በውስጡ ያለው ስሜት ብቻ እንዲለወጥ ሳይሆን በውጭም የሚታይ ብቸኛ ሰው እንዲሆን ነው። ምሬትን የሚያመለክተው ኡኪ የሚለው ቃልና ብቸኝነትን የሚያመለክተው ግሥ በዚያች አጭር ግጥም ውስጥ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አንዱ ያለው ነው፣ ሌላው የሚለመነው ነው። ግጥሙን በመጀመሪያ በ1689 በኢሴ አገር ናጋሺማ በአንድ ቤተ መቅደስ ሲጽፈው ልመናው የቀረበው ለመጸው ቤተ መቅደስ ነበር፤ በኋላ ቤተ መቅደሱን ሠርዞ በቦታው ወፊቱን አስገባ። እኔም የተሻለ ለወጠ እላለሁ፤ ቤተ መቅደስ ጸጥታን ይሰጣል፣ ወፍ ግን ጮኻ ከጸጥታው ጋር ታስተዋውቃለችና።

ከዚህ ሁሉ አንባቢ፣ እንግዲያስ ሳቢ ማለት ስለ ጎጆና ስለ ምሽት፣ ስለ ድኅነትና ስለ ሽምግልና መጻፍ ነው ብሎ እንዳይደመድም፣ ኪዮራይ መምህሩ ካረፈ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ አጥብቆ ያስጠነቅቃል። ሳቢ የግጥሙ ቀለም ነው እንጂ ስለ ብቸኝነት የሚናገር ግጥም ማለት አይደለም ይላል፤ ምሳሌውንም ሲሰጥ፣ አንድ ሽማግሌ ጥሩር ለብሶ ወደ ጦር ሜዳ ቢሰለፍ፣ ወይም በወርቅ ዘቦ አጊጦ በግብዣ መካከል ቢገኝ፣ ሽምግልናው ከልብሱ ሥር መታየቱ አይቀርም፣ ሳቢም እንዲሁ ነው በማለት ያስረዳል። ከራሱ ግጥሞች የጠቀሰው ደግሞ የቼሪ አበባ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ነጫጭ ራሳቸውን አቀራርበው የሚያወሩበትን ነው፤ ባሾም በዚህ ግጥም የሳቢ ቀለም እንዴት ጎልቶ ወጣ ብሎ አመሰገነው። አበባው ሙሉ ነው፣ ሽማግሌዎቹም ብቻቸውን አይደሉም፣ ማንም አላዘነም፤ ነገር ግን ከነጩ አበባ ሥር ያለው ነጭ ጠጉር የሚናገረውን ይናገራል።

በዚህ ትምህርት ላይ ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ ያቀረበው ግን ከውጭ የመጣ ተቺ አይደለም። ካሞ ኖ ቾሜይ የሳይግዮ ታናሽ ዘመነኛ ሲሆን፣ ሺን ኮኪንሹ በተሰበሰበበት ጽሕፈት ቤትም የሠራ ነው። የ1177ቱን የኪዮቶ ቃጠሎ፣ ከዚያም ዐውሎ ነፋሱን፣ ረኀቡንና የ1185ቱን የምድር መናወጥ በዐይኑ ካየ በኋላ፣ ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ በሂኖ ተራራ፣ እያንዳንዱ ጎኗ ሦስት ሜትር ያህል የሆነች ጎጆ ሠርቶ መነነ፤ በ1212ም ሆጆኪ የተባለውን አጭር መጽሐፍ ጻፈ። ስለ ጎጆው፣ ስለ በገናውና ስለ ጫካው ጸጥታ በፍቅር ሲተርክ ከቈየ በኋላ፣ በመጨረሻው ገጽ በድንገት ራሱን ለፍርድ ያቀርባል፤ ቡድሃ በምንም ነገር ላይ ልባችሁን አትጣሉ ብሎ ካስተማረ፣ ይህችን የሣር ጎጆ መውደዴ ኀጢአት፣ ከዚህ ብቸኛ ጸጥታ ጋር መጣበቄም መሰናክል አይደለምን ይላል። ጸጥታ ለሚለው የተጠቀመበት ቃል ውስጥ ያ ጃኩ የተባለው ፊደል አለ። መንፈሳዊ ነገር በገዛ ጣዕሙ ወጥመድ ሊሆን እንደሚችል ያወቁ የገዳማት አባቶች ሁሉ ይህን ጥያቄ ያለ ተርጓሚ ይረዱታል። የኬንኮ ባሕታዊ መንደሪኑን አጠረ፤ ቾሜይ ደግሞ ብቸኝነቱን ራሱን አጥሮ እንደ ያዘ ገባው። ይህን ያህል ሐቀኛ ሆኖ የጻፈ ሰው ብዙ አላውቅም።

ዛሬም ስሜቱ ከአገሩ አልጠፋም። በብዙ የጃፓን ከተሞችና መንደሮች ለምድር መናወጥና ለሌላ አደጋ ማስጠንቀቂያ የተተከሉ ድምፅ ማጉያዎች አሉ፤ መሥራታቸው እንዲረጋገጥ፣ ልጆችም ከጨዋታ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ፣ በየቀኑ ወደ ማታ አንድ ዜማ ያሰማሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በ1923 የታተመው ስለ ማታ ጀንበር የተደረሰው የልጆች መዝሙር ነው። ያ ዜማ በጣራዎች ላይ ሲያልፍ ሞኖሳቢሺ የማይል ጃፓናዊ ጥቂት ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ሌላ ነገር አለ። በአንድ ቤት ብቻውን ኖሮ ብቻውን የሞተና ከብዙ ቀን በኋላ የተገኘ ሰው ነገር በጋዜጦቻቸው ተደጋግሞ ስለሚጻፍ፣ መንግሥቱ በየካቲት 2021 የብቸኝነትንና የመገለልን ጉዳይ የሚመለከት ሚኒስትር ሾመ፤ በ2023ም በዚሁ ጉዳይ ሕግ ወጥቶ በሚያዝያ 2024 ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ የሚጠቀምበት ቃል ግን ሳቢሺ አይደለም፤ ኮዶኩ ነው። ይህ ቃል የተጻፈባቸው ሁለት ፊደሎች በጥንታውያን የቻይና ሊቃውንት አነጋገር አንዱ ወላጅ የሌለውን ሕፃን፣ ሁለተኛው ጧሪ ልጅ የሌለውን አረጋዊ የሚያመለክቱ ናቸው። ሕግ አውጪዎቹ ይህን መምረጣቸው ትክክል ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው ለሚያረጅ ሰው የሳይግዮን ግጥም እንደ ማጽናኛ ማቅረብ ጭካኔ ይሆናልና። ሳይግዮ ብቸኝነትን መረጠው፤ ያ ሽማግሌ ግን አልመረጠም።

ሳይግዮም ቢሆን ሰውን የጠላ አልነበረም። በሺን ኮኪንሹ የክረምት መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው ሌላው ግጥሙ፣ እንደ እርሱ ብቸኝነትን የሚችል ሌላ ሰው ቢገኝ፣ በክረምቱ ተራራ መንደር ጎጆዎቻቸውን ጎን ለጎን ይሠሩ ዘንድ ይመኛል። ባሾም በሳጋ ስለ ብቸኝነት ባለቤትነት ከመጻፉ ከሁለት ቀን በፊት፣ በዚያው ማስታወሻ ያሰፈረው ነገር ሌላ ነው፤ እንግዶች መጥተው ነበርና፣ አምስት ሰዎች በአንድ አጎበር ሥር ተጨናንቀው ተኙ፤ እንቅልፍም እንቢ ስላላቸው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁሉም ተነሥተው፣ ቀን የተረፈውን ጣፋጭና የመጠጥ ጽዋቸውን አውጥተው፣ ሊነጋ እስኪቃረብ ድረስ ሲጨዋወቱ አደሩ።